የመራጭ እጅ፦ የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ በድምፃውያን ስምና ትሩፋት ላይ ያለው ድርሻ

1. መግቢያ

አንድ ድምፃዊ በሕይወት ዘመኑ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ዘፈን ሊጫወት ይችላል። ከሞተ ወይም ከመድረክ ከራቀ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን በአብዛኛው አድማጭ ዘንድ የሚታወቀው በአሥራ አምስት ወይም በሃያ ዘፈኖቹ ነው። ቀሪዎቹ በአሮጌ ሸክላ፣ በተበጠሰ ካሴትና በጥቂት ሰብሳቢዎች መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ። «የፍቅር ዘፋኝ ነበር»፣ «የነፃነት ታጋይ ነበር»፣ «የትዝታ ሰው ነበር» እየተባለ የሚሰጠው ፍርድ ሁሉ የሚመነጨው ከእነዚህ ከተረፉት ጥቂቶች ነው። እንግዲህ መነሣት ያለበት ጥያቄ፣ እነዚህን ጥቂቶች ማን መረጣቸው? በምንስ መመዘኛ? የሚለው ይሆናል።

ለዚህ ጥያቄ በተለምዶ የሚሰጠው መልስ «ጊዜ መረጣቸው» ወይም «ሕዝብ መረጣቸው» የሚል ነው። መልሱ ከፊል እውነት አለው። ይሁንና ጊዜም ሆነ ሕዝብ አልበም አያሳትሙም። ዘፈንን ከዘፈን ለይቶ፣ ቅደም ተከተል አስይዞ፣ ስም አውጥቶና ሽፋን አልብሶ ለገበያ የሚያቀርበው የተወሰነ ሰው ወይም ድርጅት ነው። የዚህ መራጭ ሥራ በግልጽ የሚታየው «የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ» በሚባለው የአልበም ዓይነት ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስብስቡ የድምፃዊን ስም እንዴት እንደሚያቆምና እንደሚያጠብ ማስረዳት ነው። ለማሳያነት ሁለት ሥራዎች ዘርዘር ብለው ይቀርባሉ፤ የጃማይካዊው ቦብ ማርሊ «ሌጀንድ» እና የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ለውጭው ዓለም ያስተዋወቀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሥራ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ከተባለበት በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሙዚቃ ነጋዴዎች ጉዳይ እንጂ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የዘፈን ግጥም ከሥነ ቃልና ከጽሑፍ ግጥም ጎን ለጎን ለጥናት የሚቀርብ የቃል ጥበብ ነው። ስለ አንድ ድምፃዊ የግጥም ይዘት የመመረቂያ ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣ ተማሪ በመጀመሪያ እጁ የሚገባው ስብስቡ ነው። ስብስቡን እንደ ሙሉ ሥራ ቆጥሮ ከተነሣ፣ የሚደርስበት መደምደሚያ የድምፃዊውን ሳይሆን የመራጩን አመለካከት የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። አደጋው ይህን ያህል ቅርብ ነው።

2. የስብስቡ ምንነትና አመጣጥ

መርጦ ማሰባሰብ ለእኛ ሥነ ጽሑፍ አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ጉባኤ አንድ መምህር በዘመናቸው የሚቀኙት ቅኔ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ለትውልድ የሚተርፈው ግን ደቀ መዛሙርት ያጠኑት፣ የወደዱትና በየብራናቸው የጻፉት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. ያሳተሙት የሊቃውንት የቅኔ መድበል ከዚህ የቃል ምርጫ ወደ ማተሚያ ቤት የተደረገ ሽግግር ነው። በመድበሉ የገባው ቅኔ ከጉባኤው ወጥቶ ለማያውቁት አንባቢዎች ደረሰ፤ ያልገባው በቃል እንደ ተያዘ ቆየ፤ ከያዙት ሊቃውንት ጋር ያለፈም አለ። የምርጥ ዘፈኖች ስብስብም በመሠረቱ መድበል ነው። ልዩነቱ፣ የቅኔው መራጭ ደቀ መዝሙር ወይም ሊቅ ሲሆን የዘፈኑ መራጭ ብዙውን ጊዜ አሳታሚ መሆኑ ነው።

በምዕራቡ ዓለም የሙዚቃ ንግድ ይህ የአልበም ዓይነት መልክ የያዘው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ኮሎምቢያ የተባለው አሳታሚ በ1958 የጆኒ ማቲስን ተወዳጅ ነጠላ ዘፈኖች ሰብስቦ «ታላላቅ ተወዳጅ ዘፈኖች» በሚል ስያሜ አወጣ። ነጠላ ሸክላ በየጊዜው ወጥቶ የሚረሳ ነገር እንደ ነበረ ስናስብ ሐሳቡ ቀላል ቢመስልም ውጤቱ ከፍተኛ ሆነ፤ አልበሙ በቢልቦርድ መጽሔት የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ 490 ሳምንታት ቆየ። በዚያው ዓመት የኤልቪስ ፕሬስሊም ተመሳሳይ ስብስብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አሳታሚዎች አዲስ ቀረጻ ሳያስፈልጋቸው አሮጌውን ሀብት ደግመው የሚሸጡበት አስተማማኝ መንገድ ተገኘ።

ስብስቡ የሚወጣበት ጊዜ ለውጤቱ ትልቅ ትርጉም አለው። አንዳንዱ የሚወጣው ከያኒው ገና በሥራ ላይ ሳለ ነው። የአሜሪካኖቹ የኢግልስ ቡድን ስብስብ በፌብሩዋሪ 1976 ሲወጣ ከ1971 እስከ 1975 ያሉትን ዘፈኖች ብቻ ይዞ ነበር። ዛሬ ቡድኑ ከሁሉ በላይ የሚታወቅበት «ሆቴል ካሊፎርኒያ» የወጣው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ስለሆነ በስብስቡ ውስጥ የለም። የሆነ ሆኖ ይኸው ስብስብ በአሜሪካ ከ38 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መድረሱን የአገሪቱ የቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር በ2018 አረጋግጧል። ሌላው ዓይነት ከያኒው ዝም ካለ በኋላ የሚወጣ ነው። የስዊድኑ አባ ቡድን ሥራ ካቆመ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ 19 ዘፈኖችን የያዘው «አባ ጎልድ» ታተመ። በዚያ ጊዜ ቡድኑ እንደ አለፈ ፋሽን ይታይ ነበር። ስብስቡ ለአዲስ ትውልድ አስተዋወቀው፤ በ1999 ለንደን ውስጥ በዘፈኖቹ ላይ የተመሠረተ የሙዚቃ ቲያትር ለመድረክ እስኪበቃ ድረስ ስሙ ታደሰ። የመጀመሪያው ዓይነት ስብስብ ያለውን ዝና ሲያጸና፣ ሁለተኛው የጠፋውን ዝና እንደ ገና ሊፈጥር ይችላል ማለት ነው።

3. የመራጩ አራት መሣሪያዎች

ስብስብ አዲስ ዘፈን አይፈጥርም፤ ሆኖም አዲስ ትርጉም ይፈጥራል። ይህን የሚያደርገው በአራት መንገዶች ነው።

የመጀመሪያው መመዘኛው ነው። የትኛውም መመዘኛ፣ ፍጹም ገለልተኛ የሚመስለው እንኳ ሳይቀር፣ አንድ ነገር ያስቀራል። የቢትልስ ቡድን በ2000 ያወጣው «ዋን» የተሰኘ ስብስብ መመዘኛው ቁጥር ብቻ ነበር፤ በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጡ 27 ዘፈኖች ተሰበሰቡ። በዚህ መመዘኛ ብዙ ሐያስያን ከቡድኑ ሥራዎች ሁሉ በላይ የሚያደንቁት «ስትሮበሪ ፊልድስ ፎርኤቨር» ሳይገባ ቀረ፤ አንደኛ አልወጣምና። ሽያጭን የለካ መመዘኛ የጥበብን ርቀት ሊለካ አልቻለም።

ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው። ዘፈኖች በወጡበት ዘመን ተራ ሲቀመጡ አድማጩ የከያኒውን እድገት ይከታተላል። ተራው ሲናወጥ ግን ዘመን ይጠፋል፤ የሃያ ዓመት ወጣት የዘፈነውና የአርባ ዓመት ጎልማሳ የዘፈነው በአንድ ቀን የተዘፈነ ይመስላል። ሦስተኛው ስያሜና ሽፋን ነው። ርእሱ፣ ፎቶግራፉና የፊደሉ ዓይነት አድማጩ የመጀመሪያውን ዜማ ከመስማቱ በፊት ምን ዓይነት ሰው ሊሰማ እንደ ሆነ ይነግሩታል። አራተኛው ከአልበሙ ጋር የሚታተመው ሐተታ ነው። ሐተታው እንደ መጽሐፍ መቅድም ሁሉ ንባቡን ይመራል፤ ቋንቋውን ለማያውቅ አድማጭማ ከዜማው ቀጥሎ ያለው ብቸኛ መረጃ እርሱ ነው።

እነዚህ አራት መሣሪያዎች ተባብረው ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ለማየት ከ«ሌጀንድ» የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል።

4. «ሌጀንድ»፦ የተመረጠው ማርሊና ያልተመረጠው ማርሊ

ቦብ ማርሊ በሜይ 11 ቀን 1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሜይ 1984፣ አይላንድ የተባለው አሳታሚው «ሌጀንድ» የተሰኘውን የ14 ዘፈኖች ስብስብ አወጣ። በእንግሊዝ ሰንጠረዥ ለ12 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ25 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደ ተሸጠ ይገመታል። ከጃማይካ ውጭ ያለው አብዛኛው አድማጭ ማርሊን የሚያውቀው በዚህ ስብስብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ምርጫውን የመራው በወቅቱ አይላንድን ያስተዳድር የነበረው ዴቭ ሮቢንሰን ነው። ሮቢንሰን ከዓመታት በኋላ በሰጠው ቃለ ምልልስ ዓላማውን አልደበቀም። ማርሊ የሚገባውን ያህል እንዳልተሸጠ ተመልክቶ የገበያ ጥናት አሠራ፤ ነጩ አድማጭ የሚፈራው የማርሊን ፖለቲካዊ ገጽታ መሆኑን ተረዳ፤ ስለዚህም ያን ገጽታ አለዝቦ አዲስ ገዢ ለማግኘት ሠራ። ለሽፋኑ የተመረጠው ፎቶግራፍ ማርሊ እጁን ወደ አገጩ አስጠግቶ በጸጥታ ሲያስብ የሚያሳይ ነው። ስብስቡ የሚከፈተው በፍቅር ዘፈን ነው። ቅደም ተከተሉም የዘመን ተራን አይከተልም።

አሁን የዘፈኖቹን ምንጭ እንመልከት። ከ14ቱ አምስቱ በ1977 ከወጣው «ኤክሶደስ» ከተሰኘው አልበም የተወሰዱ ናቸው። ሁለቱ ከ«ካያ»፣ ሁለቱ ከ«አፕራይዚንግ»፣ ሁለቱ ከ«በርኒን» ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹ ሦስቱ ከሦስት የተለያዩ አልበሞች ተገኝተዋል። በ1976 ከወጣው «ራስታማን ቫይብሬሽን» እና በ1979 ከወጣው «ሰርቫይቫል» ግን አንድም ዘፈን አልተወሰደም። «ሰርቫይቫል» በሽፋኑ ላይ የአፍሪካ አገሮችን ሰንደቅ ዓላማዎች የደረደረ፣ ስለ አፍሪካ አንድነትና ስለ ዚምባብዌ ትግል የሚዘፍን አልበም ነው። ማርሊ በኤፕሪል 1980 በዚምባብዌ የነፃነት በዓል ላይ ተገኝቶ የተጫወተው በዚሁ ምክንያት ነበር። «ሌጀንድ»ን ብቻ የሰማ ሰው ስለዚህ ማርሊ የሚያውቀው ነገር የለም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚስበው «ራስታማን ቫይብሬሽን» ውስጥ ያለው «ዋር»፣ ማለትም «ጦርነት»፣ የተሰኘው ዘፈን ነው። የዚህ ዘፈን ግጥም በአብዛኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦክቶበር 4 ቀን 1963 ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የተናገሩት በአማርኛ ነበር። ንግግሩ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ፤ ከ13 ዓመት በኋላ ትርጉሙ በሬጌ ምት ተዜመ። ከአማርኛ ንግግር ወደ እንግሊዝኛ ስድ ንባብ፣ ከስድ ንባብ ወደ ዘፈን የተደረገው ይህ ጉዞ ለንጽጽር ሥነ ጽሑፍ ራሱን የቻለ የጥናት ርእስ ሊሆን ይገባዋል። ዘፈኑ ግን በስብስቡ ውስጥ የለም።

እዚህ ላይ ለፍርድ መቸኮል አይገባም። በ«ሌጀንድ» ውስጥ ስለ መብት መታገል የሚቀሰቅሱ ዘፈኖች አሉ። ከእነርሱም አንዱ «ሪደምፕሽን ሶንግ» ነው፤ እርሱም እንደ «ዋር» ሁሉ ከንግግር የተቀዳ ሐሳብ አለበት፣ ማርከስ ጋርቪ በ1937 በካናዳ ካደረገው ንግግር። እንግዲህ ከንግግር ከተወለዱት ሁለት ዘፈኖች አንዱ ገብቶ አንዱ የቀረበትን ምክንያት ከግጥሞቹ ባሕርይ መፈለግ ይቻላል። «ሪደምፕሽን ሶንግ» ስለ አእምሮ ነፃነት የሚናገር ነው፤ የተጠቃሹ ስም የለም፤ ማንኛውም አድማጭ በየትኛውም አገር ለራሱ ሊያደርገው ይችላል። «ዋር» ግን በዘመኑ በቅኝ አገዛዝና በዘር አገዛዝ ሥር የነበሩትን አንጎላን፣ ሞዛምቢክንና ደቡብ አፍሪካን በስም ይጠራል። «ቡፋሎ ሶልጀር» የጥቁሮችን ታሪክ በግልጽ ቢያነሣም የሚያነሣው ያለፈውን ነው። ለሰፊው ገበያ የተዘጋጀው ስብስብ ውስጣዊውንና ያለፈውን ተቀብሎ፣ በጊዜው በሕይወት ያለውን አገዛዝ በስሙ የሚጠራውን ተወ። ከእያንዳንዱ ዘፈን ጀርባ እንዲህ ያለ ውሳኔ ተደርጎ ይሁን አይሁን ሌላ ነገር ነው፤ የውጤቱ አቅጣጫ ግን ይህ ነው።

አሳታሚው ራሱ ጉድለቱን ለመሙላት የሞከረ ይመስላል። በ1986 «ሬብል ሙዚክ» የተባለ ሌላ ስብስብ ወጥቶ ታጋዩን ማርሊ ለብቻው አቀረበ፤ «ዋር»ም በመድረክ እንደ ተዜመ እዚያ ውስጥ ገባ። ነገር ግን የሁለተኛው ስብስብ ሥርጭት ከመጀመሪያው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። አንድ ጊዜ የተተከለን ምስል በተጨማሪ መረጃ መንቀል እንዴት አስቸጋሪ እንደ ሆነ ይህ ያሳያል። ደግሞም የማርሊ ሥራ ለሁለት መከፈሉ ራሱ የመራጩ ሥራ ነው። በመጀመሪያዎቹ አልበሞች ውስጥ የፍቅር ዘፈንና የትግል ዘፈን ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ትርጉም ያሟላ ነበር። በ«ኤክሶደስ» አልበም የስደቱ ዘፈን የመጀመሪያውን ገጽ ሲዘጋ ፍቅሩና መጽናናቱ በሁለተኛው ገጽ ይከተላሉ። ከዚያ ተነጥሎ የወጣ የመጽናናት ዘፈን ከምን እንደሚያጽናና አይታወቅም።

5. «ኢትዮፒክስ»፦ ከመርሳት ማዳንና አዲስ ዝርዝር መትከል

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አቶ አምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት በተፈቀደለት ድርጅት እጅ በነበረበት ጊዜ፣ በ1969 የራሳቸውን አሳታሚ ድርጅት አቋቁመው የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ በማውጣት ሥራ ጀመሩ። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አሳትመው በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ከእርሳቸው ጎን ካይፋ የተባለው አሳታሚም ይሠራ ነበር። ከዚያ ዘመነ ካሴት መጣ፤ የሸክላ ማጫወቻው ከየቤቱ ወጣ፤ የሸክላዎቹ ዘፈኖችም ከሰው ትዝታና ከሬዲዮ ጣቢያ በቀር ማደሪያ አጡ።

በ1986 የማሕሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ» ቤልጅግ ውስጥ ታትሞ የውጭ አድማጭ ትኩረት ካገኘ በኋላ፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1997 ጀምሮ በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ በኩል «ኢትዮፒክስ»ን ማውጣት ጀመረ። በ2017 የግርማ በየነ ሥራ የያዘው 30ኛው ቅጽ ወጥቷል። ተከታታዩ በዘመናዊ ዘፈን ብቻ አልተወሰነም፤ የዓለሙ አጋ በገና፣ የአስናቀች ወርቁ ክራር፣ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ፣ የአሊ ቢራ ኦሮምኛ ዘፈኖች፣ የካሣ ተሰማ ክራር፣ እንዲሁም ከመቶ ዓመት በፊት በሸክላ የተቀረጸው የተሰማ እሸቴ ድምፅ የየራሳቸው ቅጽ አላቸው። ይህ ሁሉ ባይታተም ኖሮ ብዙው የጠፋ ይሆን እንደ ነበር መካድ አይቻልም። የመራጩን እጅ መመርመር ውለታውን መዘንጋት አይደለም።

ውለታው በአንዳንድ ከያንያን ሕይወት ላይ በግልጽ ታይቷል። የሙላቱ አስታጥቄ የ1969 እስከ 1974 ሥራዎች በ4ኛው ቅጽ በ1998 ወጡ። በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» ዘፈኖቹን ሲጠቀም «ኢትዮ ጃዝ» የሚለው ስም ዓለም አቀፍ ሆነ፤ ሙላቱም በስተ እርጅና አዳዲስ አልበሞችን ለማውጣት በቃ። ጌታቸው መኩሪያም በ14ኛው ቅጽ አማካይነት ከታወቀ በኋላ ከሆላንዱ «ዘ ኤክስ» ቡድን ጋር ሠርቶ በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አወጣ። ማሕሙድ በ2007 የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ተቀበለ። ስብስብ ለእነዚህ ሰዎች የትናንት መታሰቢያ ብቻ አልነበረም፤ የነገ እንጀራም ሆኗል።

ይሁንና ተከታታዩ አዲስ ዝርዝርም ተክሏል። እስከ 30ኛው ቅጽ ድረስ በስማቸው ከወጡት ውስጥ ማሕሙድ አራት፣ ዓለማየሁ ሁለት ቅጽ ሲኖራቸው ጥላሁን ገሠሠ አንድ ብቻ አለው። ብዙነሽ በቀለ በስሟ የወጣ ቅጽ የላትም። አገር ቤት ያለው ሚዛን ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ጥላሁን በ2009 ሲያርፍ በመንግሥት ደረጃ በክብር ተቀብሯል፤ ለብዙ ኢትዮጵያዊ የዘፈን ሁሉ መለኪያ እርሱ ነው። ብዙነሽም ከሴት ድምፃውያን በግንባር ቀደምትነት የምትጠራ ናት። ለልዩነቱ የሕትመት መብትና የቀረጻው ዘመን የየራሳቸው ድርሻ ይኖራቸዋል። ነገር ግን አንድ ምክንያት የእኛን ሙያ ይመለከታል፤ እርሱም ቋንቋ ነው። አማርኛ የማይሰማ አድማጭ የሚመዝነው ምቱን፣ የነፋስ መሣሪያውን አጨዋወትና የድምፁን ቀለም ነው። የጥላሁን ዘፈን ግማሽ ኃይሉ ቃሉ ላይ ነው፤ አንዲቱን ቃል እንዴት ጎትቶ፣ የት ሰብሮ፣ የት አልቅሶ እንደሚጥላት ቃሉን ላላወቀ ሰው አይደርሰውም። ሰምና ወርቁ የማይደርሰው መራጭ ሰምና ወርቅን መመዘኛ ሊያደርግ አይችልም።

የጌታቸው መኩሪያ ጉዳይ ይህን በይበልጥ ያብራራል። ጌታቸው ሽለላን ከቃል ወደ ሳክስፎን ያሻገረ ሰው ነው። የውጭ ሐያስያን ሲሰሙት ከአሜሪካው ነፃ ጃዝ ጋር አመሳሰሉት፤ ንጽጽሩም ብዙ አዲስ አድማጭ አመጣለት። ሽለላና ፉከራን በሥነ ቃልነት የተማረ ተማሪ ግን በዚያ ሳክስፎን ውስጥ ዘራፍ ባዩን፣ ጎራዴ አወዛዋዡን፣ በሠርግና በግዳይ ቀን የሚያቅራራውን ሰው ይሰማል። አንዱ ድምፅ በሁለት መዝገብ ተመዘገበ፤ ስብስቡ የሚያሰራጨው ደግሞ የመጀመሪያውን መዝገብ ነው። ዓለማየሁ እሸቴ በውጭ «የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን» መባሉም የዚህ ዓይነት ነው። ስም የሚሰጠው በአድማጩ ዓለም ባለው ሰው ልክ ነው።

በመጨረሻም «ወርቃማ ዓመታት» የሚለውን የመጀመሪያውን ቅጽ ንኡስ ርእስ እናስተውል። የተጠቀሰው ዘመን ከ1969 እስከ 1975 ነው፤ ይኸውም በአብዛኛው የሸክላ ሕትመቱ ዘመን ነው። የአንድ ቴክኖሎጂ ዕድሜ የአንድ ጥበብ ዕድሜ ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው። ከ1975 በኋላ በካሴት የወጣው ሰፊ ሥራ «ከወርቃማው ዘመን በኋላ የመጣ» ተብሎ ከመደመጡ በፊት ደረጃው ወረደ። የሥነ ጽሑፍ ታሪክን በዘመን ስንከፋፍልም ይኸው አደጋ እንዳለብን ማስታወስ ይጠቅማል።

6. ለአጥኚው የሚተርፈው ሥራ

ከላይ ከቀረቡት ሁለት ምሳሌዎች በመነሣት በዘፈን ግጥም ላይ ጥናት ለሚያደርግ ሰው አራት ነገሮችን ማሳሰብ ይቻላል።

አንደኛ፣ ለጥናት የተወሰደው ዘፈን መጀመሪያ የወጣው መቼና በምን እንደ ሆነ መፈለግ አለበት። ሸክላ ሁለት ገጽ ነበረው፤ በአንደኛው ገጽ ያለው ዘፈን ስብስብ ውስጥ ሲገባ በሌላው ገጽ ያለው ጓደኛው ብዙ ጊዜ ይቀራል። አንዱ የሌላው መልስ ወይም ተቃራኒ ሊሆን ይችላልና ሁለቱን አብሮ ማየት ይገባል።

ሁለተኛ፣ የመራጩ መመዘኛ በጥናቱ መግቢያ ላይ በግልጽ መገለጽ አለበት። ሽያጭ ነው? የሕትመት መብት ነው? የውጭ ጆሮ ነው? ወይስ የቤተሰብ ፈቃድ? መመዘኛው ሳይታወቅ «የዚህ ድምፃዊ ዋነኛ ጭብጥ ይህ ነው» ማለት የወንፊቱን ቀዳዳ ሳይለኩ ስለ እህሉ መናገር ነው።

ሦስተኛ፣ ያልተመረጡትን መዘርዘር ያስፈልጋል። በ«ሌጀንድ» ምሳሌ እንዳየነው፣ ከገቡት 14 ዘፈኖች ይልቅ ያልተነኩት ሁለት አልበሞች ብዙ ይናገራሉ።

አራተኛ፣ የገጣሚው ስም መጠየቅ አለበት። ብዙ ጊዜ ስብስብ በድምፃዊው ስም ይወጣል፤ በእኛ አገር ደግሞ ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰውና ያቀናበረው ሰው የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። የስብስቡ ሽፋን ዝናን ወደ አንድ ፊት ሲሰበስብ ባለቅኔው ከኋላ ይጠፋል። የሥነ ጽሑፍ ክፍል ይህን ስም ካልፈለገ ሌላ ማን ይፈልገዋል?

ይህ ሥራ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ አስቸኳይ ሆኗል። በኢንተርኔት የሚደመጠው ሙዚቃ የድምፃዊውን ዘፈኖች በተደመጡበት ብዛት ተራ አስይዞ ያቀርባል። ብዙ የተደመጠው ከላይ ይቀመጣል፤ ከላይ በመቀመጡም ይበልጥ ይደመጣል። ሮቢንሰንን ለምን እንዲህ መረጥህ ብሎ የጠየቀው አልጠፋም፤ እርሱም መልሷል። ፋልሴቶም ሐተታውን በስሙ ጽፏል። ቆጣሪ ግን አይጠየቅም፤ መቅድምም አይጽፍም።

7. ማጠቃለያ

የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ከመርሳት ያድናል፤ ያዳነውን ደግሞ በራሱ መልክ ይቀርጻል። ሁለቱ ተግባራት ሊነጣጠሉ አይችሉም። «ሌጀንድ» ማርሊን በሚሊዮን ቤት አስገብቶ ከአማርኛ ንግግር የተወለደውን ዘፈኑን ከደጅ አስቀረ። «ኢትዮፒክስ» የተረሱ ሸክላዎችን አስነሥቶ በአገር ቤት ሚዛን ከፊት ያሉትን ወደ ኋላ አደረገ። ለሁለቱም መራጮች ወቀሳ ከማቅረብ ይልቅ የራሳችንን ድርሻ ማየት ይሻላል። በአማርኛ ቃል መመዘኛነት የተዘጋጀ፣ ገጣሚዎቹን በስማቸው የሚጠራ፣ የመጀመሪያውን ሸክላ ዓመትና ገጽ የሚያስታውስ፣ ግጥሙን በሙሉ ከነሐተታው የሚያቀርብ የዘፈን መድበል ማዘጋጀት ሙዚቃ ነጋዴ ሊሠራው የሚገባ ሥራ አይደለም። የሥነ ጽሑፍ ክፍሎች ሥራ ነው። ሸክላዎቹን ያሳተሙት አቶ አምሃ እሸቴም፣ በመጀመሪያው ሸክላቸው ላይ የዘፈነው ዓለማየሁም በ2021 አርፈዋል። የየትኛው ግጥም ደራሲ ማን እንደ ነበር በቃል የሚያስታውሱ ሰዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። እነርሱን ጠይቆ መመዝገብ ለነገ የማይባል ተግባር ነው።